«ኮች፣ ምን ጎደለኝ?»

ዛሬ የምጽፈው ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ስለ ኳስ ነው፤ ግን ስለ ዝውውርም ስለ ትናንት ማታው ጨዋታም አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ ወደኋላ ሄጄ የአንድ አሰልጣኝን ታሪክ አወራችኋለሁ፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ እኔ ራሴ ያጠፋሁትን አንድ ነገር እነግራችኋለሁ። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ የኛን ስጠቅስ ዓ.ም. ብዬ እጽፋለሁ።

ለማታውቁኝ፣ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት የሰፈር ታዳጊዎችን አሰለጥናለሁ። ደሞዝ የለውም። ያለኝ የድሮ ፊሽካ፣ ጥቂት ኮኖችና ግማሾቹ አየር የሚያጎድሉ ኳሶች ናቸው። ባለሙያ ነኝ አልልም። የኳስ ታሪክ ማንበብ ግን ሱሴ ነው፤ እንዴት እንደማሰለጥን ያስተካከለኝም ይሄው ሱስ ነው።

ታሪኩ በ1900ዎቹ መጀመሪያ ላይ ይጀምራል። እንግሊዝ አገር፣ በርንሊ የሚባለው ክለብ ውስጥ ጂሚ ሆጋን የሚባል ወጣት አጥቂ ነበር። የተወለደው በ1882 ኔልሰን በምትባል የላንክሻየር ከተማ ነው። አንድ ቀን በጨዋታ ላይ ተከላካዮቹን አልፎ ገባና ኳሷን ከአግዳሚው በላይ ሰደዳት። ይሄ ሁሉም አጥቂ ላይ የሚደርስ ነገር ነው። ሆጋን ግን ከጨዋታው በኋላ የክለቡን ኃላፊ ስፔን ዊታከርን ጠየቀው። ምን አጠፋሁ? እግሬን ያስቀመጥኩበት ቦታ ነው ወይስ ሰውነቴ ሚዛኑን ስቶ ነበር? የሰውዬው መልስ በአጭሩ ዝም ብለህ ሞክር፣ ከአስር አንዷ ከገባችልህ ጥሩ ነው የሚል ነበር።

ሆጋን በዚህ መልስ አልረካም። ዘጠኙ ለምን እንደሚሳቱ ማወቅ ፈለገ። ከዚያ ቀን በኋላ እያንዳንዱን ምት፣ እያንዳንዱን ማቆም፣ እያንዳንዱን ፓስ «ለምን?» እያለ መመርመር ጀመረ። የኳስ አሰልጣኝነት የሚባለው ሙያ በአውሮፓ እንዲስፋፋ ካደረጉት ሰዎች መካከል አንዱን የፈጠረችው ይህች መልስ ያላገኘች ጥያቄ ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በዚያን ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ ልምምድ ማለት ምን እንደነበር ካላወቅን የሆጋን ጥያቄ ክብደቱ አይገባንም። ልምምድ ሩጫ ነበር። በሜዳው ዙሪያ መሮጥ፣ መራመድ፣ ገመድ መዝለል። ኳስ በሳምንቱ ውስጥ ብዙም አይታይም። ምክንያታቸው ደግሞ ተጫዋቹ ሳምንቱን ሙሉ ኳስ ካላየ ቅዳሜ ይራባታል የሚል ነበር። ኳስ የፈጠርነው እኛ ነን፣ ችሎታ አብሮ ይወለዳል፣ ማስተማር አያስፈልግም ብለው ያምኑ ነበር። ሆጋን በኋላ ለዚህ ነገር የነበረው መልስ ቀላል ነው። ከኳስ ጋር ያልተለማመደ ሰው ቅዳሜ ኳሷ ስትመጣለት ምን እንደሚያደርጋት አያውቅም።

እዚህ ጋ ሳልስቅ ማለፍ አልቻልኩም። እኔ ልጅ ሆኜ የሰፈር ቡድን ስገባ መጀመሪያ የሰማሁት ቃል «አስር ዙር!» ነው። አስር ዙር እንሮጣለን፣ ፑሽ አፕ እንሰራለን፣ እንቁራሪት እየዘለልን ሜዳውን እናቋርጣለን፣ ከዚያ ተሰልፈን አንድ በአንድ ጎል እንመታለን። የሳተ ደግሞ አንድ ዙር ይጨመርለታል። ለምን እንደሳተ የሚነግረው የለም። አሰልጣኛችን ደግ ሰው ነበሩ፤ ከኪሳቸው ሙዝ ይገዙልን ነበር። የተማሩት እንደዚያ ነው፣ ያስተማሩንም እንደዚያ ነው። እኔም አሰልጣኝ ስሆን ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ትእዛዝ «አስር ዙር!» ነበር።

ወደ ሆጋን እንመለስ። ከበርንሊ በኋላ ፉልሃም ገባ። እዚያ ሃሪ ብራድሾው የሚባል አሰልጣኝ ነበር፤ የስኮትላንዶቹን አጭር ቅብብል የሚወድ ሰው። ሆጋን በአእምሮው ሲያብሰለስለው የነበረውን ነገር በሜዳ ላይ ያየው ያኔ ነው። ቀጥሎ ቦልተን ገባ። ቦልተን ሆላንድ ሄዶ ዶርድሬክት የሚባል ቡድን 10 ለ 0 አሸነፈ። ሌሎቹ ተጫዋቾች እየሳቁ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ሆጋን አንድ ቀን ተመልሼ እነዚህን ልጆች በትክክል መጫወት አስተምራቸዋለሁ ብሎ ለራሱ ቃል ገባ። በ1910፣ በ28 ዓመቱ ተመልሶ ሄደ፣ አስተማራቸውም። 10 ለ 0 ያሸነፍከውን ቡድን ስታይ የሚታይህ ድክመቱ ነው ወይስ መማር የሚችለው ነገር? አሰልጣኝ የሚለየው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ከዚያ በ1912 ሁጎ ማይዝል የሚባለው የኦስትሪያ ኳስ መሪ ወደ ቪየና ጠራው፤ የኦስትሪያን ቡድን ለስቶክሆልም ኦሊምፒክ አዘጋጀ። መጀመሪያ ላይ አልተሳካለትም። ተጫዋቾቹ በደንብ አልተረዱትም፤ እንደ ጀማሪ መሠረታዊ ነገር ላይ ያተኩርብናል ብለውም አጉረመረሙ። ማይዝልና ሆጋን ቁጭ ብለው ሌሊቱን ሙሉ ተወያዩ፣ ልምምዱ ተቀየረ፣ ነገሩም መስመር ያዘ። ይህን የጻፍኩት የመጀመሪያ ሳምንታቸው ያልሰመረላቸው ወጣት አሰልጣኞች እንዲያነቡት ነው።

በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ሆጋን ቪየና ነበር። እንግሊዛዊ በመሆኑ «የጠላት አገር ሰው» ተብሎ ታሰረ። የለቀቁት ቪየና ውስጥ ትልቅ ሱቅ የነበራቸው እንግሊዛውያን ወንድማማቾች ዋስ ሆነውለት ነው፤ ለጊዜው ልጆቻቸውን ቴኒስ እያስተማረ ቆየ። ቀጥሎ ኤም ቲ ኬ የሚባለው የቡዳፔስት ክለብ መሪዎች ያላቸውን ሰው ተጠቅመው ወደ ሀንጋሪ አስመጡት። እዚያም በየጊዜው ፖሊስ ጋ እየቀረበ መፈረም ነበረበት። ግማሽ እስረኛ፣ ግማሽ አሰልጣኝ ሆኖ ኖረ ማለት ነው።

የኤም ቲ ኬ ብዙዎቹ ተጫዋቾች ወደ ጦር ግንባር ሄደው ነበር። ክለብ ተጫዋች ሲያጣ ምን ያደርጋል? የኛ አገር ክለብ ቢሆን ከሌላ ክለብ ለመውሰድ ይሯሯጣል። ሆጋን ግን መናፈሻ ውስጥ ይዞር ጀመር። ቡዳፔስት ውስጥ አንጎል ፓርክ በሚባለው ቦታ ሁለት ተማሪዎች ኳስ ሲያንከባልሉ አያቸው። አንዱ ኦርት ይባላል፣ ሌላው ብራውን። ወሰዳቸው። ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ በየቀኑ ሜዳ ላይ ያስተምራቸው ነበር። ሁለቱም በኋላ ለሀንጋሪ ብሔራዊ ቡድን ተጫወቱ፤ ኦርት በዘመኑ ከነበሩት የአውሮፓ ታላላቅ ተጫዋቾች አንዱ ሆነ። ኤም ቲ ኬም ከ1917 እስከ 1925 በየዓመቱ የሀንጋሪ ሻምፒዮን ሆነ። ሆጋን ግን ጦርነቱ እንዳበቃ ሄዷል። አሰልጣኙ ከሄደ በኋላ ዋንጫው ለዓመታት ቀጠለ ማለት እኮ ነው! ብዙዎቻችን እኛ ስንሄድ አብሮን የሚሄድ ቡድን ነው የምንሰራው።

አሁን የካልሲውን ታሪክ ልንገራችሁ። ሆጋን ወደ እንግሊዝ ሲመለስ ባዶ እጁን ነበር። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር በጦርነቱ ምክንያት ለተጎዱ የኳስ ሰዎች የሚሰጥ ድጎማ እንዳለው ሰማ፤ 200 ፓውንድ አገኛለሁ ብሎ ለንደን ሄደ። እሱ ራሱ ሲያወራው እንደኖረው፣ የማኅበሩ ዋና ጸሐፊ ፍሬድሪክ ዎል ሦስት ጥንድ ካኪ ካልሲ ሰጠው። ግንባር የነበሩት ልጆች በዚህ ደስ ይላቸው ነበር አለው። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ልጆቻችን ሲሞቱ አንተ ጠላት አገር ኳስ ስታስተምር ነበር ማለቱ ነው። ሆጋን ታስሮ እንደነበር፣ ፈልጎ እንዳልቀረ ማንም አልጠየቀውም። ያንን ካልሲ ዕድሜ ልኩን አልረሳውም።

ከዚያ በኋላ ወደ ስዊዘርላንድ፣ ተመልሶ ወደ ሀንጋሪ፣ ከዚያም ወደ ጀርመን ሄደ። ጀርመን ውስጥ የሆነ አንድ ነገር በጣም እወዳለሁ። አሰልጣኞችና ተጫዋቾች በተሰበሰቡበት አዳራሽ ንግግር ሲያደርግ ጀርመንኛው አልሄድልህ አለው፤ ሰው መሳቅ ጀመረ። እረፍት ጠየቀና ወጣ። ሲመለስ የቦልተን ማልያውን ለብሶ ነው። ጫማውንና ካልሲውን አወለቀ። በባዶ እግሩ ኳሷን ወደ አንድ የእንጨት ሰሌዳ ለቀቃት፤ አስራ አምስት ያርድ ይርቃል፣ መታው። ኳሷ ተመልሳ ስትመጣ በግራው ደገመ፤ ሰሌዳው ለሁለት ተሰነጠቀ። ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀም። ድሬስደን ውስጥ ካሰለጠናቸው ልጆች አንዱ ሄልሙት ሾን ይባላል፤ ምዕራብ ጀርመን በ1974 የዓለም ዋንጫን ስትወስድ አሰልጣኟ እሱ ነበር።

በገዛ አገሩስ? በ1934 ፉልሃም ቀጠረው። ገና የውድድር ዓመቱ ሳያልቅ፣ ታሞ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሆስፒታል በተኛበት አሰናበተው። ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች የሚያስተምራቸው አያስፈልጋቸውም ተባለ። በ1936 ኦስትሪያን በበርሊን ኦሊምፒክ ለፍጻሜ አደረሰ። በዚያው ዓመት አስቶን ቪላ ወሰደው፤ በ1938 ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን መለሰው። ይህም ሆኖ በእንግሊዝ ኳስ ዋናው ቦታ ላይ ያሉት ሰዎች ሊሰሙት አልፈለጉም።

አሁን ወደ 1953 እንሂድ። በመጀመሪያ ግን ቡዳፔስት ዳር ያለች ኪሽፔሽት የምትባል ሰፈር እንግባ፤ ሰፈሯ የኛን ሰፈር ትመስላለች። ፑሽካሽና ቦዢክ ጎረቤታሞች ነበሩ። በአቧራማ ባዶ ቦታ ላይ የጨርቅ ኳስ እየጠለዙ አደጉ። አዎ፣ የጨርቅ ኳስ፣ እንደኛው። የጨርቅ ኳስ እንደልብ አትነጥርም። ስለዚህ ከእግርህ ስር ይዘህ፣ ቀስ ብለህ፣ እየነካካህ ነው የምትጫወተው። ፑሽካሽ ክለብ ሲገባ ዕድሜው ለምዝገባ ስላልደረሰ ሚክሎሽ ኮቫች በሚል የውሸት ስም ተመዘገበ። ልብ በሉልኝ። እሱ ያጭበረበረው ልጅ ስለሆነ፣ ከትልልቆቹ ጋር መጫወት ስለፈለገ ነው። እኛ አገር የሚጭበረበረው በተቃራኒው ነው። አስራ ዘጠኝ ዓመት የሞላው «አስራ አምስት» ተብሎ ከትንንሾቹ ጋር ይገባል፣ ዋንጫ ይበላል። የፑሽካሽ ውሸት ራሱን አስተማረው። የኛ ውሸት ግን ለባለቤቱ ምንም አያስተምርም፤ ለእውነተኛው የአስራ አምስት ዓመት ልጅም ቦታውን ይነጥቀዋል።

የሀንጋሪ አሰልጣኝ ጉስታቭ ሼቤሽ ነበር። ከእንግሊዝ ጋር ለኅዳር 25፣ 1953 ዌምብሌይ ላይ ጨዋታ ተያዘ። ሼቤሽ ያደረገውን ዝግጅት ስሙ። ከጨዋታው አንድ ወር በፊት ራሱ ለንደን ሄዶ ዌምብሌይን አየ፣ ሜዳውን ለካ፣ ኳስ ሣሩ ላይ እንዴት እንደምትነጥር ፈተሸ። የእንግሊዞቹን ከባድ ኳስ ለምኖ ይዞ ተመለሰ። አገሩ ላይ ልክ በዌምብሌይ መጠን ሜዳ አዘጋጅቶ በዚያ ኳስ አለማመዳቸው። የልምምድ ተጋጣሚዎቹንም እንደ እንግሊዞች ተጫወቱ ይላቸው ነበር። ዋናዎቹ ተጫዋቾቹ ሆንቬድ በሚባለው የሠራዊቱ ክለብ አብረው ስለሚጫወቱ ዓመቱን ሙሉ ይተዋወቃሉ። በእንግሊዝ በኩል ግን ዋልተር ዊንተርቦተም የሚባለው አሰልጣኝ ተጫዋቾቹን እንኳ ብቻውን አይመርጥም፤ የሚመርጥለት ኮሚቴ ነበር። ኮሚቴ የሚለውን ቃል ሲሰማ ፈገግ ያለ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ።

ውጤቱን ታውቁታላችሁ፤ 6 ለ 3። ሂደግኩቲ ገና አንድ ደቂቃ ሳይሞላ አገባ፣ በድምሩ ሦስት አገባ። የዘጠኝ ቁጥር ማልያ ለብሶ ወደ መሀል ሜዳ ይወርዳል፤ የእንግሊዝ ተከላካይ ልከተለው ወይስ ቦታዬን ልጠብቅ ሲል ጨዋታው አለቀ። ፑሽካሽ ኳሷን በታኬታው ሥር ወደኋላ ሲጎትታት ቢሊ ራይት ኳሷ በሌለችበት ተንሸራቶ ገባ፤ ኳሷ መረብ ውስጥ ነበረች። በስድስት ወሩ ቡዳፔስት ላይ 7 ለ 1 ደገሟቸው።

ከጨዋታው በኋላ የሀንጋሪ እግር ኳስ መሪዎች ይህን ማን አስተማራችሁ ሲባሉ የአንድ እንግሊዛዊ ስም ጠሩ፤ ጂሚ ሆጋን። ሼቤሽም የኳሳችን ታሪክ ሲጻፍ የሱ ስም በወርቅ ቀለም ይጻፍ አለ። በዚያን ቀን ሆጋን የት ነበር? እዚያው ዌምብሌይ፣ ተመልካች መሀል። 71 ዓመቱ ነው። የአስቶን ቪላ ታዳጊዎችን ይዞ፣ እዩና ተማሩ ብሎ ነው የመጣው። የገዛ አገሩ ስትሸነፍ፣ የሱ ትምህርት ስታሸንፍ፣ በዙሪያው ልጆች ተቀምጠው። ሳስበው ምን እንደተሰማው አላውቅም፤ ልጆቹን ይዞ መምጣቱ ግን ይገርመኛል። በ1974 ሲያርፍ የጀርመን እግር ኳስ ፌዴሬሽን ለልጁ በላከው ደብዳቤ የጀርመን ዘመናዊ እግር ኳስ አባት ሲል ጠራው።

አንድ ነገር እንዳልደብቅ። ሀንጋሪ በዓመቱ በ1954 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በምዕራብ ጀርመን 3 ለ 2 ተሸነፈች። በ1956 ከደረሰው የፖለቲካ ቀውስ በኋላም ያ ቡድን ተበተነ። ጥሩ ማሰልጠን ዋንጫን አያረጋግጥም። ሆጋን ብቻውን ያደረገውም አይደለም፤ ሂደግኩቲ የተጫወተበት የኤም ቲ ኬው አሰልጣኝ ቡኮቪ ያንን ወደኋላ የሚወርድ አጥቂ ነገር በማብሰል ትልቅ ድርሻ አለው። ግን አንድ ሰው ልጆችን «ለምን» ብሎ ሲያስተምር ትምህርቱ ከሱ በኋላ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ።

ጥር 21፣ 1962፣ ማለትም በኛ ጥር 1954 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ። ይድነቃቸው ተሰማ ያሰለጠኑት፣ ሉቻኖ ቫሳሎ አምበል የሆነበት ቡድናችን ሁለት ጊዜ ተመርቶ፣ ሁለት ጊዜ አቻ አድርጎ፣ በጭማሪ ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካ ዋንጫን በላ። ዋንጫውን ጃንሆይ ሰጡ። ይህን ሁላችንም እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላችን እናውቀዋለን። ልክ በ51 ዓመቱ፣ በዚያው ቀን፣ ጥር 21፣ 2013፣ በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሶ ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ወጣ። አዳነ ግርማ ሲያገባ ሰፈራችን የነበረውን ጩኸት አሁንም እሰማዋለሁ።

ከዚያ ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ ናይጄሪያ 2 ለ 0። በየሻይ ቤቱና በየሬዲዮው የተባለው አንድ ነገር ነው፤ «ኳስ እንችላለን፣ ጉልበት የለንም። ቁመት የለንም።» እኔም አልኩ። ቆይቼ ግን ነገሩን መረመርኩት። አንደኛ፣ ያሸነፉን ሁለቱ ቡድኖች የዚያ ዋንጫ የፍጻሜ ተጋጣሚዎች ናቸው። ሁለተኛ፣ ቡርኪና ፋሶ ከአራቱ ጎሎች ሦስቱን ያገባችብን በረኛዋ በቀይ ወጥቶ በአስር ሰው ከቀረች በኋላ ነው። አስር ሰው ሦስት ጎል ሲያገባብህ ችግሩ ቁመት አይደለም። አንድ ሰው ሲጎድላቸው ክፍት ቦታው የት እንዳለ፣ ስናጠቃ ከኋላችን ማን እንደሚቀር ማወቅ ነው። ይሄ ደግሞ የሚማሩት ነገር ነው።

ያኔ ግን ይህን አላየሁም። በ2006 ዓ.ም. ለአንድ የታዳጊዎች ውድድር ቡድን ስመርጥ ልጆቹን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ቁመታቸውን አየሁ። ረጃጅሞቹን፣ ደረታቸው የሰፋውን ያዝኩ። ከሳምንቱ አምስት ልምምድ ሦስቱ ሩጫ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ከያዝኳቸው መሀል ዕድሜያቸው እንደማያስገባቸው የጠረጠርኳቸው ነበሩ፤ አልጠየቅሁም። ዋንጫውን በላን። ፎቶው አሁንም ስልኬ ላይ አለ።

ፎቶው ላይ የሌለ አንድ ልጅ አለ። ትንሽ ነበር፤ ማልያ ሲለብስ ጉልበቱ ይደርስ ነበር። ኳስ ግን ትታዘዘዋለች። ከመቀበሉ በፊት ዞር ብሎ ያያል፤ ማንም አላስተማረውም። ስም ዝርዝሩን ያነበብኩ ቀን ሁሉም ከሄደ በኋላ መጣና «ኮች፣ ምን ጎደለኝ?» አለኝ። አይኔን አይቶ ነው የጠየቀኝ። መልሴ «በርታ፣ ገና ልጅ ነህ፣ ትደርሳለህ» ነበር። የበርንሊው ሰውዬ መልስ ማለት ነው፤ መልስ የሌለው መልስ። እሱ የጠየቀኝ ምን ልሥራ ነው። የጎደለው ነገር እንደሌለ፣ የጎደለው እኔ ዘንድ እንደሆነ ልነግረው አልደፈርኩም።

ለሁለት ሳምንት ያህል እየመጣ ከሜዳው ዳር ቆሞ ልምምዳችንን አየ። ታኬታውን በፌስታል ይዞ። አንድ ሰው ቢጎድል እገባለሁ ብሎ ይመስለኛል። ሰው ጎድሎ ያውቃል፣ አላስገባሁትም። ከዚያ መምጣት ተወ። ቤታቸው ሄጄ ልጠይቅ ስል ስል ሰፈር ለቀው እንደሄዱ ሰማሁ። ከዋንጫ አሸናፊዎቹ ልጆቼ ውስጥ ደግሞ አንድም ከሰፈር ቡድን አልፎ የተጫወተ የለም። ሌሎቹ በቁመት ሲደርሱባቸው ከጉልበት ሌላ የያዙት ነገር አልነበረም። ያንን ያደረግኩት እኔ ነኝ።

የሆጋንን ታሪክ ያነበብኩት ከዚህ በኋላ ነው። በርንሊ ላይ የጠየቀውን ጥያቄ ሳነብ ያ ልጅ ፊቴ ላይ መጣ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዙር ሩጫውን አስቀረሁ።

አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ፤ ምናልባት የሚጠቅመው አሰልጣኝ ይኖራል። ሒሳቡ እንዲህ ነው። 24 ልጆች ተሰልፈው በአንድ ኳስ ጎል ይመቱ እንበል። አንዱ ምት ኳሷ እስክትመለስ 15 ሰከንድ ይፈጃል። በ20 ደቂቃ 80 ምት ነው፤ ለአንድ ልጅ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይደርሰዋል። የቀረውን ጊዜ ቆሞ ያወራል። እነዚያኑ ልጆች ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ለእያንዳንዱ ጥንድ አንድ ኳስ ስጧቸው፤ በሦስት ሰከንድ አንድ ፓስ ቢሉ በ10 ደቂቃ አንዱ ልጅ መቶ ጊዜ ያቀብላል፣ መቶ ጊዜ ይቀበላል። ከዚያ አራት ሆነው አንዱ መሀል ገብቶ ሦስቱ ዙሪያውን ይቀባበሉ። ከዚያ በጠባብ ቦታ አራት ለአራት። በዚህ ጨዋታ የማይደክም ልጅ አሳዩኝ! ሩጫው እዚያው ውስጥ አለ፤ ግን እያሰበ ነው የሚሮጠው።

ቁመት አልለካም። ትንሹን ከትልቁ ጋር ቀላቅዬ አጫውታለሁ፤ ትልቁ በጉልበት ብቻ እንዳያልፍ አንዳንዴ ሁለት ንክኪ ብቻ እፈቅዳለሁ። በሰፈር ውድድር ሁሉም ልጅ ይገባል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ እንሸነፋለን። ወላጆች ይቆጡኛል። ባለፈው አንድ አባት «ጋሼ፣ ዋንጫ የማትበላ ከሆነ ልጄን ምን አመላለሰኝ?» አሉኝ። ልጁ ያን ቀን በግራ እግሩ ያቀበለውን ኳስ አስታወስኳቸው። አልረኩም፤ ልጁን ግን አሁንም ያመጡታል።

ሲስት ደግሞ ዙር አልጨምርበትም። ኳሷን አስቀምጬ «የቆምክበት እግርህ የት ነበር?» እለዋለሁ። ኳስ ወደ ላይ የምትወጣው አብዛኛውን ጊዜ የቆመው እግር ወደኋላ ሲቀርና ደረት ወደኋላ ሲጋደል ነው። ይህን ለመናገር ላይሰንስ አያስፈልግም፤ ልጁን ማየት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

«ኳስ የለንም፣ ሜዳ የለንም» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እውነት ነው። እኔ ያደግኩበት ሜዳ ዛሬ ሕንጻ ቆሞበታል። አሥራ ሁለት ኳስ የሚገዛ ገንዘብ ማን አለው? እኛ ዘጠኝ ኳስ ብቻ ነው ያለን፤ ለቀሩት ሦስት ጥንዶች ያረጀ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀን ሰፍተንላቸዋል። ልጆቹ እየተፈራረቁ ይጫወቱባታል፤ አንዳንዶቹ እንደውም ይመርጧታል፤ ከእግር አትርቅም። ሆጋንን በካልሲ ነበር የሸኙት፤ ፑሽካሽም በጨርቅ ኳስ ነው የጀመረው።

ያ ልጅ ዛሬ ሃያዎቹን አጋምሷል። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ የሱ ጉዳይ ነው። ይህ ጽሑፍ በአጋጣሚ ደርሶህ እያነበብክ ከሆነ ግን ለጥያቄህ የዘገየው መልስ ይኸውልህ። ምንም አልጎደለህም ነበር። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እዚያው ሰፈር፣ ከቀበሌው ጀርባ ያለችው ጠባብ ሜዳ ላይ ነን። ረዳት ያስፈልገኛል። ኳስ ከመቀበል በፊት ዞር ብሎ ማየትን ከአንተ የተሻለ የሚያሳያቸው ሰው አላውቅም።

ሌሎቻችሁ ደግሞ፣ በተለይ አሰልጣኞች፣ ልጆቻችሁ ሲስቱ ምን ትሏቸዋላችሁ? እስኪ ኮሜንት ላይ እንማማር። ሰላም እደሩ።